አርባ ሳንቲ

ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው መሬት ለካሁ፣
በቀይ ቀለም ችካል ድንበር አበጀሁ፤
ችካል መትከል እንጂ ጎመን መትከል አላውቅም፤
ችካል ደግሞ፣ ቢያጠጡትም፣ አይጸድቅም።

ጡረታ ወጣሁና ደብረ ብርሃን፣ ከፋብሪካው በታች ካለው ሰፈር፣
ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያዝኩ፤ ከኋላው ጥቁር አፈር፣
ስድስት ሜትር በአራት።
ሻንጣዬን ሳልፈታ ሜትሬን ዘረጋሁ፤
የእትዬ አጸደ አጥር፣ በምሥራቅ በኩል ያለው፣
አርባ ሳንቲ ገብቷል ወደኔ ይዞታ።
ንድፍ ሠርቼ ያዝኩኝ፣ በእርሳስ፣ በጸጥታ።
እነግራታለሁ አልኩ፤ ሲመች፣ በሌላ ቀን።

መጀመሪያ ቆፈርኩ።
አፈሩ መረሬ ነው፤ ሲርስ ጫማ አውላቂ፣
ሲደርቅ እንደ ሸክላ፣ ዶማ አስጨናቂ።
በሦስተኛው ቀን ላይ መዳፌ አበጠ፤
ካርታ ሲይዝ የኖረ እጅ ውኃ ቋጠረ፣ ተላጠ።

ሐምሌ ላይ፣ ከቅዳሜ ገበያ፣ የቲማቲም ዘር ገዛሁ፣
በገመድ፣ በውኃ ልክ፣ ረድፉን አቃናሁ፤
በየሠላሳ ሳንቲው አንድ አንድ ጉድጓድ፣
እንደ አስፋልት ቀጥ ያለ፣ ዝንፍ የማይል መንገድ።
እትዬ አጸደ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ
«ምንድን ነው?» አለችኝ።
«ቲማቲም።»
ዝም አለች።
«ቲማቲም የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት» አለች ቆይታ፣
«ጣርማበርን ወርደህ ጠይቃት እንጂ፣ እዚህ አትመጣም በደስታ።»
እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። አጠጣሁ፣ ጠዋት ማታ።

በቀለች። እውነት በቀለች። ሁለት ቅጠል፣ ከዚያ አራት፣
ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ፤ ፀሐዩ አሳደጋት።
ለልጄ ደወልኩላት፦ «አባትሽ አራሽ ሆኖልሻል!»
ሳቀች፤ እስካሁን የምትስቅ ይመስለኛል።

የኅዳር ውርጭ መጣ። ማስጠንቀቂያ የለው፣
ደብዳቤ አይጽፍም፣ ችካል አይተክል እንደ ሰው።
ጠዋት በር ስከፍት፣ ባልዲው ላይ በረዶ፣
ቲማቲሜ የተቀቀለ መስሎ፣ ጠቁሮ፣ ተዋርዶ።
ቀጥታው መስመሬ ብቻ ሳይዛባ ቀረ፤
አይቼ የማላውቅ ሬሳ በሰልፍ ተደረደረ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለችኝ፤
መሐል ሜዳ፣ መንገድ ስንቀይስ፣ ብዙ ዘመን ሆነው፣
አንዲት ሴት፣ ነጭ ሽንኩርት መደቧ ላይ ቆማ።
ችካሉን መታሁት፤ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝ፣
«አሥር ቀን ብትጠብቀው ይደርስ ነበር» አለችኝ።
አልጠበቅሁም። ፕሮግራም ነበረኝ።

እትዬ አጸደ መጣች፣
ነጭ ሽንኩርት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣
በአሮጌ ባልዲ ደግሞ የበግ ፍግ ሰፍራ።
ስለ ቲማቲሙ ምንም አልተነፈሰችም።
«ይሄ ብርድ አይፈራም፤ ይሄ የኛው ነው» አለች፣
ሜትሬን ከእጄ ወስዳ አጥሩ ላይ አንጠለጠለች።
«ልኩ ጣትህ ነው፤ አንድ አንጓ ጉድጓድ፣ ጫፉ ወደ ሰማይ፤
ጎመኑን ማታ ጆንያ አልብሰው፣ ግለጠው ሲወጣ ፀሐይ።
ችኩል ሰው ውኃ ያበዛል። ደግሞ ያልበቀለውን አትቆፍረው፤
ትናንት የተከልከውን ዛሬ እያወጣህ አትየው።»

«ዘሩን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።
«ከዚሁ» አለች፣ በአገጯ አጥሯን እያሳየች፣
«ከሥሩ፣ ከጠባቧ መደብ፤ ከሁሉ እሷ ታበቅላለች።»
አየሁ። አውቃታለሁ፤ ለክቻታለሁ።
አርባ ሳንቲ።
«አፈሯ ጥሩ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

አሁን ጥር ነው። የቅየሳው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ
ጎመኑ ላይ ቆሞ ሆኗል የጆንያ መስቀያ፤
የሽንኩርቱ ረድፍ ጠማማ ነው፣ ገና ሳይላጥ ዓይን ያስለቅሳል፤
ግን አረንጓዴ ነው፤ ውርጭ ያደረበት ዕለት ቀና ይላል።
ትናንት የጎመን ዘር ሰጠችኝ፣ ለሚመጣው ክረምት፤
መቋጠሪያ አጥቼ መሳቢያውን ስፈትሽ
ያ ንድፍ ወጣ፤ በእርሳስ፣ ከነቀስቱ፣ ከነልኩ።
አራት ላይ አጠፍኩት። ዘሩን በሱ ጠቀለልኩ።